ሁሉንም ገጽ ያነበበችው ተማሪ፦ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ስምንት ሳምንታት (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አዲስ ለሚገቡ የኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ተማሪዎች አማካሪ ሆኜ ነበር። በየሳምንቱ ከስምንት ተማሪዎች ጋር ለየብቻ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ፣ የከበዳቸውን እሰማለሁ፣ የምችለውን አግዛለሁ። ከስምንቱ የአንዷን ጉዳይ እዚህ አሰፍራለሁ። ተማሪዋ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን ግን ለውጫለሁ።

ይህንኑ ጉዳይ የመረጥኩት መጀመሪያ ላይ ችግሯን ስቼው ስለነበር ነው። ቀና ብዬ ያሰብኩት እርዳታ ሁለት ሳምንት አባክኖባታል። በተጨማሪም አዲስ ተማሪን የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ አለመሆኑን ከእሷ ተማርኩ። የሚሰጠው ሥራ ሁሉ ተሠርቶ እንደማያልቅ አስተማሪዎቹ ያውቃሉ፤ ከእኛ በፊት ያለፉትም ያውቃሉ። አዲስ ለገባው ሰው ግን ማንም ፊት ለፊት አይነግረውም።

ተማሪዋ እና ትምህርቱ

ተማሪዋ ያኔ 31 ዓመቷ ነበር። በምህንድስና በጥሩ ውጤት ተመርቃ ሰባት ዓመት በአንድ ፋብሪካ ሠርታለች፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የምርት ክፍል ኃላፊ ነበረች። ባለትዳር ናት፤ የአራት ዓመት ልጅ አላት። በሥራ ቦታዋ የምትታወቀው የተሰጣትን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በቀኑ በማስረከብ ነው። ለኃላፊነት ያበቃት ይኸው ልማዷ ነበር። በኋላ እንደምናየው ያሰናከላትም እሱው ነው።

በመጀመሪያው መንፈቅ ሒሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ስታቲስቲክስ እና ኦፕሬሽንስ (የምርትና የሥራ ሂደት አስተዳደር) ወስዳለች። ከስታቲስቲክስ በስተቀር ሁሉም በብዛት የሚሰጡት በኬዝ ነው። ኬዝ አንድ ድርጅት በአንድ ወቅት የተጋፈጠውን ውሳኔ የሚተርክ ጽሑፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ገጽ ትረካ ይኖረዋል፤ ከኋላው ደግሞ የሠንጠረዥ አባሪ ይከተላል። ትረካው ውሳኔው ደፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ መልሱ ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ዘዴው የተወረሰው ከሕግ ትምህርት ነው። ላንግዴል የተባለው የሃርቫርድ የሕግ መምህር እ.ኤ.አ. በ1870 ተማሪዎቹን የፍርድ ውሳኔ እያስነበበ በጥያቄ ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው የሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤትም በ1920ዎቹ፣ ራሱ ሕግ ባጠናው ዲን በዋላስ ዶናም ዘመን፣ ይህንኑ አካሄድ ዋና የማስተማሪያ መንገዱ አደረገው። ከዚያ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ታሪኩን ያነሳሁት የኬዝ ክፍል ሥርዓት በእሱ ስለሚገባን ነው። መምህሩ የሚጠይቀው ከማስተማሩ በፊት ነው። ስለዚህ ከተማሪው የሚጠበቀው ወስኖ መግባት እንጂ አውቆ መግባት አይደለም። ተማሪዋ ይህን የተረዳችው በአምስተኛው ሳምንት ነው።

በእሷ ክፍል በሁለት ኮርሶች ከውጤቱ 40 በመቶው የሚሰጠው በክፍል ተሳትፎ ነበር። መምህሩ እጅ ያላወጣ ሰው ስም ጠርቶም ይጠይቃል።

ችግሩ እንዴት ታየ

የመጀመሪያው ሳምንት የትውውቅ ነበር። ስድስት የተማሪ ክበባት ውስጥ ተመዘገበች። ምክንያቷን ስጠይቃት «የትኛው እንደሚጠቅመኝ ስለማላውቅ አንዱም እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱ በሙሉ ኃይሉ ጀመረ። እያንዳንዱን ኬዝ ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ በሦስት ቀለም ታሰምራለች፤ የግርጌ ማስታወሻ እንኳ አታልፍም። ሌሊት የምትተኛው አራት ሰዓት ያህል ነው። ያም ሆኖ በጊዜው የማትደርስበት ኬዝ በየቀኑ አንድ ይቀራል።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ነገር ተከታትሎ ሆነ። የፋይናንስ መምህሩ ክፍሉን የከፈተው የእሷን ስም ጠርቶ ነው፦ «አንቺ ብትሆኚ ድርጅቱን ትገዢዋለሽ ወይስ አትገዢውም?» ኬዙን ሁለት ጊዜ አንብባለች። ድርጅቱ መቼ እንደተመሠረተ፣ ማን እንደመራው፣ ገበያው እንዴት እንደተለወጠ በቅደም ተከተል መናገር ጀመረች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መምህሩ በጨዋነት አቆማት፦ «ታሪኩን ሁላችንም አንብበናል። ውሳኔሽን ንገሪን።» ውሳኔ አልነበራትም። መምህሩ ወደ ሌላ ተማሪ ዞረ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንታት አንድም ጊዜ እጇን አላወጣችም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ የሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ፈተና ውጤት ወጣ፤ ከ100 43። በተማሪነት ዘመኗ እንዲህ ያለ ቁጥር አይታ አታውቅም። አራተኛው ሳምንት ላይ ቀጠሯችንን 15 ደቂቃ አርፍዳ መጥታ ሳትቀመጥ «እዚህ መግባት አልነበረብኝም» አለችኝ።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነበር

ይህን ስሰማ ነገሩ በራስ አለመተማመን ነው ብዬ ደመደምኩ። ክላንስ እና አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በትምህርትና በሥራ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱ ሴቶች ስኬታቸውን ለዕድል ወይም ለሌሎች ስህተት ሲሰጡ፣ «አንድ ቀን ይነቃብኛል» በሚል ፍርሃት ሲኖሩ ማየታቸውን ጽፈዋል። አዲስ ተማሪዎች ላይ ይህን ስሜት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ስለዚህ ጥናቱን ነገርኳት። የሠራችውን ዘርዝሬ አስታወስኳት። ሁሉም ሰው እንዲህ እንደሚሰማው አጽናናኋት። አመስግናኝ ሄደች።

በሳምንቱ ስትመለስ ዓይኗ ይበልጥ ደክሞ ነበር። የነገረችኝን ቃል በቃል ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፦ «እንደማላንስ ነግረኸኛል፤ አምኜሃለሁም። የዛሬውን ኬዝ ግን በአምስት ሰዓት አልጨረስኩትም።»

ልክ ነበረች። ስሜቷ እውነተኛ ነው፤ የመጣው ግን በየቀኑ ከሚደርስባት ጉዳይ ነው። በየማለዳው ያላለቀ ሥራ ይዛ ክፍል ትገባለች፤ በየቀኑ ዝም ብላ ትወጣለች። ያንን ሳይነኩ ስሜቱን ማከም አይቻልም። ማጽናናት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እሷ የመጣችው ግን አሠራር ፈልጋ ነበር፣ እኔ የሰጠኋት ማጽናኛ።

ችግሩን እንደገና መመርመር

ከዚያ በኋላ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለሰባት ቀን ሰዓትሽ የት እንደሚሄድ መዝግቢ። የፋብሪካ ሰው ስለሆነች ይህን አሳምራ ሠራችው። በሳምንቱ በትምህርት ላይ ያዋለችው 74 ሰዓት ነበር። ክፍል ውስጥ 18፣ በንባብ 41፣ በጥናት ቡድን 6፣ በክበባትና በቀጣሪ ድርጅቶች ገለጻ 9። ሰዓት አልጎደላትም።

ንባቡን ከፈትን። በሳምንቱ አሥር ኬዞች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ አራት ሰዓት ያህል ወስዳለች። ከ41 ሰዓቱ ግን እርሳስ ይዛ ያሰላችበት፣ ወይም «እኔ ብሆን ይህን አደርጋለሁ» ብላ የጻፈችበት ጊዜ ሲደመር ሁለት ሰዓት አልሞላም። ኬዙን የምታነበው ልክ እንደ ሥራ ሰነድ ነው፤ አንድ መስመር ከተዘለለ አደጋ እንደሚመጣ ሁሉ። ኬዝ ግን ሆን ተብሎ አላስፈላጊ መረጃ የሚጨመርበት ጽሑፍ ነው። የሚያስፈልገውን ካላስፈላጊው መለየት የፈተናው አካል ነው።

ከዚያ ስለ ጥናት ቡድኗ ጠየቅኳት። እኔ ከሁሉ በላይ የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። አምስት አባላት ነበሩት፦ ከባንክ የመጣ፣ የሒሳብ ባለሙያ የነበረ፣ ከጤና ተቋም የመጣች፣ የሽያጭ ሰው፣ እና እሷ። ጊዜ ለመቆጠብ ኮርሶቹን ተከፋፍለው ነበር። ሁሉም የሚያውቀውን ወሰደ። የሒሳብ ባለሙያው የሒሳብ አያያዝ ልምምዱን ሠርቶ ይልካል፤ እሷ የኦፕሬሽንሱን ሠርታ ትልካለች። ሥራው በፍጥነት ያልቃል። ግን እያንዳንዱ በየሳምንቱ የሚሠራው ከመምጣቱ በፊት የሚያውቀውን ነው፤ የማያውቀውን ደግሞ ተሠርቶ ያነበዋል። እሷ በመዝገቡ ሳምንት ለሒሳብ አያያዝ ልምምድ በራሷ እጅ የሰጠችው አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ 43 የመጣው ከዚህ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*ለአንድ ኬዝ 90 ደቂቃ።* የማንቂያ ደወል ሞልታ እንድትጀምር ተስማማን። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የመግቢያውንና የመዝጊያውን አንቀጾች ብቻ ታነባለች፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ትጽፋለች፦ የሚወስነው ማን ነው፣ ምን ይወስናል፣ እስከ መቼ። ቀጥሎ ትረካውን ትታ ወደ ሠንጠረዦቹ ትሄዳለች። ትረካውን የምታነበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ጥያቄ ይዛ፣ በፍጥነት። አንድ ስሌት የግድ ትሠራለች። የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ለአንድ ዓረፍተ ነገር ውሳኔ፣ ለሁለት ማስረጃ፣ እና «ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምን ቢሆን ነው?» ለሚል ጥያቄ ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን ደወሉ ሲጮህ ገጽ 9 ላይ ነበረች፤ በጣም ተናደደች። «ግማሽ ሥራ አስረክቤ አላውቅም» አለችኝ። ሁለተኛው ቀንም እንደዚያው ሆነ። ለውጡ የመጣው በሦስተኛው ቀን በአንድ የማርኬቲንግ ኬዝ ነው። ድርጅቱ አዲስ ምርት ላውጣ ወይስ ልተው እያለ ነው። ዓመታዊ ቋሚ ወጪው (ምንም ባይሸጥም የሚወጣው) 600 ሺህ፣ የአንዱ መሸጫ ዋጋ 50፣ ለአንዱ የሚወጣው ተለዋዋጭ ወጪ 30 ነበር። ከእያንዳንዱ ሽያጭ 20 ይተርፋል፤ 600 ሺህ ለ20 ሲካፈል 30,000 ይመጣል። ላለመክሰር ብቻ 30,000 መሸጥ አለበት። አባሪው ላይ ጠቅላላው ገበያ በዓመት 40,000 እንደሆነ ተጽፏል። ስለዚህ አዲሱ ምርት ሳይከስር ለመቆየት ከገበያው 75 በመቶውን መያዝ አለበት። ይህን ያገኘችው ትረካውን ከማንበቧ በፊት፣ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ትረካውን ስታነብ የምትፈልገውን ታውቅ ነበር፦ 75 በመቶ ሊያስገኝ የሚችል ነገር እዚህ ውስጥ አለ ወይስ የለም? በማግስቱ ስለ ድካሟ ሳይሆን ስለ ኬዙ ነው ያወራችኝ።

*በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች መናገር።* የኬዝ ውይይት መጀመሪያ ላይ ስለ መረጃና ስለ ቁጥር ነው፤ ወደኋላ ሰዎች እርስ በርስ ይከራከራሉ፣ ሐሳቡ ይወሳሰባል። ዝም ያለ ሰው ቆይቶ ለመግባት ሲሞክር በሩ ይጠብበታል፤ ሊለው ያሰበውን ሌላው ብሎታል። ስለዚህ በሳምንት በሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች፣ ከሠራችው ስሌት የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ እንድትቀመጥ ተስማማን። ያን የማርኬቲንግ ኬዝ በተወያዩበት ቀን እጇን አውጥታ «ከገበያው ሦስት አራተኛውን ካልያዘ ይከስራል» አለች። መምህሩ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ቀሪው ውይይት በእሱ ዙሪያ ዞረ። ከሳምንታት ዝምታ በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

*ሒሳብ አያያዝን ከሥሩ መጀመር።* እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች ይዛ እንደመጣች ደረስንበት። አንደኛው የዴቢትና የክሬዲት ነው። ባንክ ገንዘብ ስናስገባ መግለጫው ላይ ክሬዲት ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ክሬዲት መጨመር፣ ዴቢት መቀነስ ይመስለዋል። መግለጫው ግን የተጻፈው ከባንኩ ወገን ነው። እኛ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ሲጨምር በክሬዲት ይመዘገባል። በራሳችን መዝገብ ያው ገንዘብ ሀብት ስለሆነ በዴቢት ይገባል። ይህን ስትሰማ ፈተናው ላይ ለምን ግማሹን ገልብጣ እንደጻፈችው ገባት።

ሁለተኛው የትርፍና የጥሬ ገንዘብ ልዩነት ነው። በፋብሪካው ስትሠራ የምታየው ካዝና የገባውንና የወጣውን ነበር። አንድ ድርጅት በወሩ 500 ሺህ የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ ቢሸጥና ዕቃውን ለማምረት 380 ሺህ በጥሬ ገንዘብ ቢከፍል፣ የወሩ ትርፍ 120 ሺህ ነው፤ ካዝናው ግን 380 ሺህ ጎድሏል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ይህን ለብቻዋ በወረቀት ደጋግማ ሠራችው።

የአጠናኗንም መንገድ ቀየረች። ምዕራፉን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግታ ባዶ ወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመረች። ሮዲገር እና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ይደግፋል፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት ይሻላሉ፤ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ይበልጣሉ። ደጋግሞ ማንበብ አታላይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በዚያች ሰዓት የገባን ይመስለናል።

*የቡድኑን ክፍፍል መገልበጥ።* ይህ ከሁሉም ይከብድ ነበር፤ የሌሎች አራት ሰዎች ፈቃድ ያስፈልገዋል። ተማሪዋ ቡድኑን ሰብስባ፣ ልምምዱን መጀመሪያ የሚሠራው በዚያ ኮርስ ደካማ የሆነው ሰው ይሁን፣ የሚያውቀው ያርመው አለች። የሒሳብ ባለሙያው ወዲያው ተቃወመ፦ «እኔ ከዚህ ምን አገኛለሁ? እስካሁን በግማሽ ሰዓት የምጨርሰውን አሁን ሁለት ሰዓት ቁጭ ብዬ ልመለከት ነው።» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከቁጣ አልቆጠርኩትም። መልስ ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። እሱ ማርኬቲንግ ላይ ይቸገር ነበር፤ የሽያጩ ሰው አብሮት እንደሚቀመጥ ቃል ገባለት። በሳምንት ሁለት ልምምድ ብቻ በአዲሱ መንገድ እንዲሠራ፣ ሌላው እንደድሮው እንዲከፋፈል ተስማሙ።

*ክበባትና ቤት።* ከስድስቱ ክበባት አራቱን ለቀቀች። ስለ ቀጣሪ ድርጅቶች ገለጻ ግን ተከራከርን። እኔ ለሁለት ወር ሁሉንም ተዪው አልኳት፤ እሷ አልተቀበለችም። በጥቂት ዘርፎች የልምምድ ሥራ (ኢንተርንሺፕ) ምልመላ በጣም ቀድሞ ስለሚጀምር እሷ የምትፈልገውን ዘርፍ ቀን አይታ በሁለት ገለጻዎች ብቻ ተገኘች። ልክ እሷ ነበረች። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ደግሞ ስልኳን ዘግታ ከልጇ ጋር እንድትሆን ከባሏ ጋር ተነጋገረች። ይህን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም፤ እሷው ወስና ነገረችኝ።

ያልሠራው

በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈለ የሳምንት ሠንጠረዥ አዘጋጅተን ነበር። በሦስት ቀን ፈረሰ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሲረዝም ወይም ልጇ ሲታመምባት ሁሉም ተከታትሎ ይወድቃል፤ ሠንጠረዡ ራሱ ሌላ ያላለቀ ሥራ ሆነባት። በምትኩ «ዛሬ ሦስቱ የግድ የሚሆኑ» የሚል አንድ ወረቀት በቃት።

የምትናገረውን አስቀድማ በቃሏ ለመያዝም ሞክራ ነበር። አንድ ጊዜ ውይይቱ ካለፈ በኋላ የተዘጋጀችበትን ተናገረች፤ ክፍሉ ግራ ተጋባ። ለሁለት ቀን መልሳ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ በቃል መያዝን ትታ ቁጥሩን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፋ መግባት ጀመረች። ቁጥር ውይይቱ ወደየትም ቢሄድ አብሮ ይሄዳል።

የቡድኑም ስምምነት ሙሉ በሙሉ አልጸናም። ከባንክ የመጣው አባል በስምምነቱ ሁለተኛ ሳምንት መምጣቱን ተወ፤ ለምን እንደሆነ ነግሯቸው አያውቅም። አራቱ ቀጠሉ።

በስምንተኛው ሳምንት የነበረው ሁኔታ

በስምንተኛው ሳምንት ሰዓቷን እንደገና መዘገበች። ከ74 ወደ 58 ወርዷል። የወረደው ከንባብ ነው፤ ራሷ የምታሰላበትና የምትጽፍበት ጊዜ በአንጻሩ ወደ 11 ሰዓት አድጓል። እንቅልፏ በአማካይ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። በሒሳብ አያያዝ የመንፈቅ አጋማሽ ፈተና 71 አገኘች። በሳምንት አራት ወይም አምስት ጊዜ ትናገራለች። የፋይናንስ መምህሩ አንድ ቀን እንደገና ስሟን ጠራ፤ «አልገዛውም፤ የተጠየቀው ዋጋ ከሚያስገኘው ገንዘብ ይበልጣል» ብላ ጀመረች። መምህሩ ስሌቷ ላይ አንድ ስህተት አገኘባት፤ ውሳኔዋ ግን ተሰምቶ ተከራከሩበት።

ስታቲስቲክስ አልተስተካከለም። ለሒሳብ አያያዝ የሰጠነውን ትኩረት ለሱ የሚሆን ጊዜ አላገኘንም፤ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ድረስ ከክፍሉ አማካይ በታች ቆየች። ሁሉንም በአንዴ ማንሳት አይቻልም ብለን አውቀን የተውነው ነው። ያም ሆኖ አሁን ላይ ሳስበው በስድስተኛው ሳምንት ላይ ቢያንስ አንድ አስጠኚ ልፈልግላት ይገባኝ ነበር።

ለሌላ ሰው የሚያገለግለው

አዲስ ተማሪ «ሥራው በዛብኝ» ሲል ከምክር በፊት የሰባት ቀን መዝገብ ይጠየቅ። ተማሪዋም እኔም የገመትነው ሌላ ነበር፤ መዝገቡ ያሳየን ግን ሌላ ነው። መዝገቡን ስናይ ደግሞ ጠቅላላ ድምሩን አይደለም የምናየው። ሰውየው ራሱ የሠራበት ሰዓት እና ሌላው የሠራውን ያየበት ሰዓት ለየብቻ መቆጠር አለባቸው።

አማካሪ የሆነ ሰው ሥራው ሁሉ እንደማያልቅ በግልጽ ይናገር፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በዚሁ ቃል። እኔ ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች ይህን በትውውቅ ሳምንት ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ስንፍናን የምፈቅድ መስሏቸው ቅር አላቸው። ስለዚህ አብሮ መነገር ያለበት ነገር አለ፦ ከሚተወው በፊት የማይተወው ይለይ። ለእኔ የማይተወው አንድ ስሌትና አንድ ውሳኔ ነው።

የጥናት ቡድን ሥራ መከፋፈሉ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። በፈተና ሰሞን እኛም ተከፋፍለናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ክፍፍሉ ጠንካራውን ይበልጥ ያጠነክራል፣ ደካማውን ከትምህርቱ ያወጣዋል፤ ያውም ማንም ሳያስተውለው፣ ሥራው በሰዓቱ እየተሰጠ። ቡድን የሚመሠርቱ ሰዎች ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ቢነጋገሩበት ከኋላ ከመገልበጥ ይቀላል። የሚያውቀው ሰው ምን እንደሚያገኝም አብሮ ይወሰን፤ በነጻ ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሰው ለሳምንት ይሰጣል፣ ለመንፈቅ አይሰጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ አካሄድ ለሁሉም አይሠራም። በዚያው ዓመት ከያዝኳቸው ስምንት ተማሪዎች አንድ ሌላ ተማሪ በውጪ ሲታይ እሷን ይመስላል፦ እንቅልፍ የለውም፣ ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ ፈተና ወድቋል። የ90 ደቂቃውን መንገድ ሰጠሁት፤ ባሰበት። የእሱ ችግር መሠረታዊ የሒሳብ ዕውቀት ነበር፤ የመቶኛ ስሌትና ቀላል እኩልታ ያስቸግረዋል። የሚያስፈልገው ጊዜ መቆጠብ ሳይሆን አስጠኚ እና ተጨማሪ ጊዜ ነው። ሁለቱን ለመለየት አሁን የምጠቀምበት ነገር ቀላል ነው። የኮርሱን አንድ ልምምድ፣ ያለ ምንም የሰዓት ገደብ፣ ከፊቴ እንዲሠሩ እሰጣለሁ። እሷ 40 ደቂቃ ፈጅቶባት ጨርሳዋለች። እሱ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር።